ድሬ ላይ ተረብ ባለቤት ነበረው

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ተረብ ያውቃል። ከዚራ ዛፍ ሥር፣ ለገሀሬ ቡና ላይ፣ በርጫ ላይ፣ ስለ ጫማህም ስለ አፍንጫህም ይተርቡሃል። አንተም ዝም አትልም። «አቦ አንተ ደግሞ!» ብለህ የባሰውን ትመልሳለህ። በአማርኛ የተጀመረው በሶማልኛ ይቋጫል፣ መሀል ላይ ኦሮምኛ ይገባበታል። ተራቢውም ተተራቢውም እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ነገር ከበዛ አንድ ታላቅ ሰው «በቃ፣ ተዉት» ይላል፤ ያበቃል።

አሁን ተረቡ ቴሌግራምና ቲክቶክ ገብቶ ሚም፣ ማለትም ጽሑፍ ተጨምሮበት ከስልክ ስልክ የሚዞር የቀልድ ምስል ሆኗል። ሚም እወዳለሁ። የድሬ ልጆች የሚሠሩትን አይቼ ብቻዬን የምስቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን የተሳቀበት ሰው እዚያ የለም። ይሄ ያሳስበኛል።

በቅርቡ አንድ ባለባጃጅ፣ የሳቢያን ልጅ፣ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የራሱ ፊት ነው። ሰርግ ላይ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሲያዛጋ ተነስቷል። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ተቆርጠው ወጥተዋል፣ ዙሪያውን ነጭ መስመር ተሰምሯል፣ ከሥር «ደመወዝ እስኪገባ» ተጽፏል። ስቲከር ሆኗል። እሱ ያየው አንድ ተሳፋሪ ልኮለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሂሳብ ሲከፍለው «ደመወዝ ገባ እንዴ?» ይለዋል። ማን እንደሠራው ለማወቅ ከግሩፕ ግሩፕ እየገባ ጠየቀ። ሁሉም «እኔም ከሌላ ነው ያገኘሁት» አሉት። «ፊት ለፊት ቢለኝ እኮ እመልስለት ነበር» አለኝ።

ሚም የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዳውኪንስ ነው። ያኔ ስለ ኢንተርኔት ቀልድ የሚያስብ አልነበረም። እሱ ያለው ከሰው ወደ ሰው በመኮረጅ የሚተላለፈውን ሁሉ ነው፦ ዜማውን፣ ፋሽኑን፣ አባባሉን። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ መኮረጅ የሰከንድ ሥራ ነው። ምስሉ እንዳለ ይያዛል፣ ጽሑፉ ይቀየራል፣ ለሌላው ይላካል። የሰውዬው ስም፣ የተነሳበት ቦታ፣ ለምን እንዳዛጋ ለማሳቅ አያስፈልጉም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚረግፉት እነሱ ናቸው። ፊቱ ብቻ ይቀራል።

መነሻው ሲታወቅ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ጨቅላ ሕፃን ጡጫውን ጨብጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ «ተሳካ!» የሚል የሚመስልበትን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያነሳችው እናቱ ሌኒ ግሪነር ናት። ልጁ ያኔ 11 ወሩ ነበር፣ የጨበጠውም የባሕር ዳር አሸዋ ነው። ሊበላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የልጁ አባት የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያስፈልገው እናትየው እርዳታ ጠየቀች። ልጁ ማን እንደሆነ ሲሰማ፣ በፎቶው ሲስቅ የኖረ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ከ75 ሺህ ዶላር በላይ አዋጣ። ያ ሕዝብ ክፉ አልነበረም። ከምስሉ ጀርባ ቤተሰብ እንዳለ የነገረው አልነበረም እንጂ።

እኛ ጋ ደግሞ ሮቤል ኪሮስን አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ፣ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ማጣሪያ የመጨረሻ ሆኖ ገባ። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ እንዴት ተመረጠ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ከጥያቄው ይልቅ ዓለምን የዞረው ግን ሆዱ ነው። የገዛ አገሩ ሰው ሳይቀር ዓሣ ነባሪ እያለ ተሳለቀበት። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አሠራርን መተቸትና የሰውን ገላ መሳቂያ ማድረግ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው መልስ የሚሰጥበት ሰው አለው። ለሁለተኛው ምን ብለህ ትመልሳለህ?

«ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ቀልዱን ይገድለዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ለገሀሬ ቡና ላይ ግን ባለቤት ያለው ተረብ ይኸው ዛሬም ያስቃል። ስለዚህ ጥያቄዬ ስቲከር ለምትሠሩና ግሩፕ ለምታስተዳድሩ የድሬ ልጆች ነው። የምታውቁት ሰው ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ አብዛኛው ሰው ስቆ ይፈቅዳል። የቻናላችሁን ስም ጠርዙ ላይ ጻፉበት፣ ቅር ያለው ሰው የት እንደሚያገኛችሁ ይወቅ። «ፊቴን አንሱልኝ» ያለ ሰው ሲመጣ ሳትከራከሩ ከስቲከር ጥቅላችሁ አውጡት። ቀድሞ የተላከው በየቻቱ መቅረቱ አይቀርም፣ ቢያንስ አዲስ እንዳይላክ።

የልጆች ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ኩቤክ፣ ካናዳ፣ አንድ ታዳጊ ብቻውን ዱላ እየወዘወዘ ሲጫወት ራሱን ቀረጸ። እ.ኤ.አ. በ2003 የትምህርት ቤት ልጆች ሳያስፈቅዱት ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ዓለም ሳቀ፤ እሱ ግን ስድቡ በዝቶበት ትምህርት ቤቱን ትቶ ወጣ። እዚህም ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲያለቅስ ወይም ጥያቄ ሲሳሳት እየተቀረጸ ሲለቀቅ አያለሁ። ይሄኛውን ከነጭራሹ አታዛምቱት። ስልካችሁ ላይ ከደረሰም እዚያው አጥፉት፣ ለላከላችሁም ለምን እንዳጠፋችሁት ንገሩት።