ያለ ደመወዝ ጆሮ ጠቢ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ የጎረቤት ጠረጴዛ ወሬ ሳዳምጥ ነበር። እየሰለልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፣ ጆሮ ደግሞ ክዳን የለውም። ሁለት ጎረምሶች ናቸው። አንደኛው የጾም ማኪያቶ፣ ሌላኛው ሻይ ይዟል። የገቡበት ክርክር ግን ከሻይም ከማኪያቶም የከበደ ነው፦ መንግሥት ሕዝብን ጠርንፎ ለመያዝ የትኛው ዘዴ ያዋጣዋል? እንደ ጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለድ ማስፈራራት ወይስ እንደ አልደስ ሀክስሊ ልብ ወለድ ማስደሰት?

«ኦርዌል ጨርሶታል» አለ ባለ ማኪያቶው። «አሁን እኮ ሁላችንም እየታየን ነው።» ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግራ ቀኙን ቃኘ። ቀጥሎ ስልኩን አወጣ፤ ስኒውን አዙሮ የካፌው ስም ያለበትን ጎን ወደ ካሜራው አደረገ፤ ሦስት ጊዜ አነሳ፤ የተሻለውን መረጠ፤ ያለበትን ቦታ ጻፈበት፤ ጓደኛውን ታግ አደረገው፤ ለቀቀው። ከዚያ ወደ ክርክሩ ተመለሰ።

ተነስቼ ላጨበጭብለት ምንም አልቀረኝ። ለእንዲህ ያለው ልጅ፣ ራሴንም ጨምሬ ለሁላችንም፣ ተገቢው ምስጋና እስከ ዛሬ አልቀረበልንም። መጪውን ዘመን ክፉኛ አጨልመው የሳሉት ደራሲዎች ሁሉ እኛን ባለማወቃቸው ስንት ገጽ፣ ስንት ሽቦ፣ ስንት ወታደር አባክነዋል!

ሩሲያዊውን የቭጌኒ ዛምያቲንን ውሰዱ። «እኛ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው በ1920 እና በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውየው የመርከብ መሐንዲስ ነበርና አገዛዙንም እንደ መሐንዲስ ነው የነደፈው። የከተማው ቤት ሁሉ መስታወት ነው፤ ሰው የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በቁጥር ነው፤ አንዱ ጉርሻ 50 ጊዜ ይታኘካል፤ መጋረጃ ማውረድ የሚችለው ሮዝ ቲኬት የያዘ ብቻ ነው፣ ያውም ለተወሰነ ሰዓት። እስቲ አስቡት፣ ለከተማ ሙሉ መስታወት! ማን ይወለውለዋል? እኛ ያንን ሁሉ ሕንጻ መዳፍ በምታህል አንዲት ቁራጭ ገላገልነው። ቁርሳችን አለ፣ የልጃችን የመጀመሪያ ጥርስ አለ፣ የአልጋ ልብሳችን ቀለም አለ፣ ከባለቤታችን ጋር መኳረፋችንም «አንዳንድ ሰው ውለታ አያውቅም» በሚል ግጥም ሰፍሯል። ሮዝ ቲኬት የጠየቀ የለም። ማኘኩ ላይ ብቻ ትንሽ ወደኋላ ቀርተናል፤ ምግቡ ቀድሞ ፎቶ መነሳት አለበት።

ኦርዌል በ1949 ያሳተመው «1984» ደግሞ የባሰ አባካኝ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ የሚኖርበት ሕንጻ ሊፍቱ አይሠራም፣ መብራት በቀን ይጠፋል፣ ሰውየው እግሩ እየታመመ ሰባት ፎቅ በደረጃ ይወጣል። (ይህን የጻፈው ለለንደን ነው፤ የኔን ኮንዶሚኒየም አላየም።) በዚህ ሁሉ ችግር መሃል ግድግዳው ላይ የሚያሳይም የሚያይም ቴሌስክሪን ተሰቅሎለታል። ድምፁ ይቀነሳል እንጂ አይጠፋም። ጠዋት ስፖርት ሲሠራ በደንብ ካላጎነበሰ ስክሪኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በቁጥሩ ጠርታ ትጮህበታለች። ገዝቶ የሰቀለለት መንግሥት፣ ተረኛ መድቦ የሚያየው መንግሥት። ዊንስተን ግን ውለታ ቢስ ነው፤ ስክሪኑ የማያየው ጥግ ፈልጎ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በገዛው ደብተር ማስታወሻ ይጽፋል።

የኛን ወግ ተመልከቱ። ስክሪኑን የምንገዛው በራሳችን ገንዘብ ነው፤ ዕቁብ እስኪወጣልን የምንጠብቅም አለን። ልብስ እናለብሰዋለን። መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ ሌላ መስታወት እንለጥፍለታለን። ካርድ እንሞላለታለን። መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ሄደን «እባካችሁ ትንሽ ልሰካ» ብለን እንለማመጣለን። ዊንስተን የጎረቤት በር አንኳኩቶ «ቴሌስክሪኔ ሊዘጋብኝ ነው፣ ቻርጅ አድርጉልኝ» ሲል ይታያችሁ! ቤት ረስተነው ከወጣን ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ «ወራጅ አለ!» ብለን እንመለሳለን። ማስታወሻችንን ለመጻፍም ጥግ አንፈልግም፤ እዚያው ስክሪኑ ላይ ጽፈን «ሼር ማድረግ እንዳይረሳ» እንላለን።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በየግድግዳው «ታላቅ ወንድም ያይሃል» የሚል ተለጥፏል። ፈረንጅ በዚህ ይርበደበዳል። እኛ ቤት ግን ታላቅ ወንድም ማለት ጋሼ ነው። የሚያስጨንቀን ጋሼ ሳያየን ሲቀር ነው፤ «ምነው ጋሼ ላይክ ሳያደርግልኝ ቀረ፣ ተቀየመኝ እንዴ?» ብለን እንቅልፍ እናጣለን። ስቶሪውን ስንት ሰው እንዳየለት በየአምስት ደቂቃው ከፍቶ የሚቆጥር ሕዝብ ይዞ በስለላ የሚደክም መንግሥት ካለ እሱ ሥራ ፈት ነው።

ለጥላቻ የተመደበውን ጊዜ ደግሞ እዩልኝ፦ በቀን ሁለት ደቂቃ። ሁለት! ሠራተኛው ስክሪን ፊት ተሰብስቦ ጎልድስታይን የሚባል አንድ ሰውዬ ላይ ይጮሃል፤ ነገም ያው ጎልድስታይን ነው። እኛ ፊታችንን ሳንታጠብ ጀምረን እንቅልፍ እስኪጥለን እንሠራለን፤ የምንሰድበውንም ሰው ማክሰኞ አንስተን ሐሙስ እንቀይረዋለን። ዝም ያለም አያመልጠንም። አንድ ክፉ ነገር ሲደርስ ማን ፕሮፋይሉን እንደቀየረ፣ ማን እንዳልቀየረ፣ ማን በዚያው ቀን የሠርግ ፎቶ እንደለጠፈ የሚመዘግቡ ብርቱ ሰዎች አሉን። ኦርዌል ያልተገባ የፊት ገጽታ ማሳየትን ራሱን ወንጀል አድርጎት ነበር። እኛ ፊቱን አስቀርተን በቢጫ ክብ ፊቶች ተክተነዋል። የሞት ዜና ላይ ጣቱ ስቶ የሳቅ ምልክቷን የነካ ሰው አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያስረዳል።

ስለ ሬይ ብራድበሪ ብዙ አልልም። በ1953 በወጣው «ፋራናይት 451» እሳት አደጋ ሠራተኞች እየዞሩ መጽሐፍ ያቃጥላሉ፤ አለቃቸው ግን ነገሩ ከመንግሥት እንዳልጀመረ፣ ሕዝቡ ራሱ ማንበብ እንደተወ ይናገራል። እዚህ ላይ ደራሲው ሊደርስብን ተቃርቦ ነበር። ታዲያ ላምባ ማባከኑ ለምን አስፈለገ? የኔ ስልክ ውስጥ ከቴሌግራም የወረዱ አራት መቶ የሚሆኑ መጻሕፍት አሉ። ማንም አላቃጠላቸውም። ማንም አልከፈታቸውም።

እነዚህ ልብ ወለዶች የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ መጨረሻ ላይ ሰውን የሚያስበላው የቤቱ ሰው ነው። የብራድበሪን ዋና ገጸ ባሕርይ ለእሳት አደጋ የጠቆመችው የገዛ ሚስቱ ናት። የዊንስተን ጎረቤት ፓርሰንስ በእንቅልፍ ልቡ «ታላቅ ወንድም ይውደም» ብሎ ሲቃዥ፣ የሰባት ዓመት ልጁ በቁልፍ ቀዳዳ ሰምታ ታስይዘዋለች፤ እሱም እስር ቤት ሆኖ «በልጄ እኮራለሁ» ይላል። ኦርዌል ይህን ሥራ የሚመራውን ክፍል «የሐሳብ ፖሊስ» ብሎታል። አማርኛ ቢያውቅ እንዲህ ባልተራቀቀ፤ ጆሮ ጠቢ ብሎ ይገላገል ነበር። አፉን ጆሮ ላይ ለጥፎ የሚመጠምጥ ሰው ወዲያው ፊታችሁ ድቅን ይላል።

እናቶቻችን ግድግዳም ጆሮ አለው እያሉ ነው ያሳደጉን፤ በልብ ወለድ አንብበውት አይደለም። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በመጡት ዓመታት ስሙ ተይዞ የተሰጠ ስንቱ ሰው እንደወጣ ቀርቷል። እዚህ ላይ አልቀልድም። የምቀልደው በድካሙ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ጆሮ ጠቢ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን አደረ የሚለውን ለማወቅ በር በሩን እያየ የቀዘቀዘ ሻይ ይዞ ይውል ነበር። አሁን ማን ገባ? ኤርፖርት ከነአበባው ቪዲዮ አለ። ማን ወጣ? «ቻው አዲስ አበባ» ከነወንበር ቁጥሩ ተለጥፏል፤ ሌባም ቤቱ ባዶ መሆኑን አብሮ ይረዳል። ማን አደረ? እሱን ጠዋት ቁርስ ላይ እናየዋለን። የተረፈውን ምሥጢር ደግሞ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ በስክሪንሾት ያሟላል። ማንም አላዘዘንም፣ አበል አልተቆረጠልንም።

አገልግሎቱ ድንበር እንደማያግደው እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። አምና በሁዳዴ የሥራ ባልደረባችን ልደት ነበርና ክትፎ ቤት ሄድን። እኔ ፎቶ አልተነሳሁም፤ ጠንቃቃ ነኝ። ከኋላችን የነበረች የማላውቃት ሴት ግን ራሷን ስታነሳ፣ ጉርሻ ወደ አፌ ሳስጠጋ በትከሻዋ በኩል ፎቶዋ ውስጥ ገብቻለሁ። ሴትዮዋ ለካ የአክስቴ የማኅበር ጓደኛ ልጅ ናት። አክስቴ ደግሞ ያለችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እጄን ሳልታጠብ ስልኬ ጠራ። እዚያ ገና ጎህ አልቀደደም!

«የኔ ልጅ፣ አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ አክስቴ።»

«አይደለህም። ሐኪም አዞህ ነው እንጂ አንተማ በሁዳዴ ክትፎ አትበላም። ደምህ አንሶ ነው፣ አይደል?»

ዝም አልኩ። ኦርዌል መርማሪውን ኦብራየንን ሲፈጥር ሰውየው አራት ጣት አሳይቶ «አምስት ነው» እስኪባል ድረስ ዊንስተንን ስንት ገጽ ያሠቃየዋል። ለእኔ የአክስቴ «አይደል?» በቃችኝ።

«አዎ፣ ደሜ አንሶ ነው» አልኩ።

እስከ ማታ ዘመድ በሙሉ አወቀ። አንዱ ቀይ ሥር ጭማቂ ጠጣ አለ፣ አንዷ ጤፍ ከሁሉም ይበልጣል አለች፣ ከእስራኤል አንድ የአጎቴ ልጅ ምን እንዳለበት የማላስታውሰው ረጅም የድምፅ መልእክት ላከ፣ እናቴ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ደረጃ ስወጣ ከምሬ አዞረኝ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ብመረመር ደሜ ሙሉ ነው። ለአክስቴ ስነግራት «ሐኪሞቹም እኮ ይሳሳታሉ» አለችኝ። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ደም ማነስ አለብኝ።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ባለ ሻዩ የሀክስሊ ወገን ነው፤ ክርክሩ በደራሲዎቹ መካከልም እንደነበር የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሀክስሊ በወጣትነቱ ኢተን ትምህርት ቤት ኦርዌልን ፈረንሳይኛ አስተምሮታል። «1984» በወጣ በዓመቱ ሳይሆን በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት 1949፣ ለቀድሞ ተማሪው ደብዳቤ ጻፈለት፤ መጽሐፉን አመስግኖ፣ ገዢዎች ግን ከዱላና ከእስር ቤት የረከሰና የለሰለሰ መንገድ ያገኛሉ አለው። በራሱ በ1932ቱ ልብ ወለድ ውስጥ ሶማ የሚባል ክኒን አለ፤ የከፋው ይውጣል፣ ክፋቱ ይጠፋል፤ የሚያድለውም መንግሥት ነው። ማደል! መምህሩም ተማሪውም ወጪው ከመንግሥት ካዝና እንደሚወጣ ነው የገመቱት። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ አውራ ጣቱን ወደላይ የሚገፋ፣ ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ ሥራ የሚገባ ሰው አልታያቸውም።

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ባለ ማኪያቶው ዞር አለ።

«ጋሼ፣ ሲያዳምጡን ነበር አይደል?»

ተያዝኩ። «ትንሽ ትንሽ» አልኩ።

«ታዲያ ማን ነው ትክክል? ኦርዌል ወይስ ሀክስሊ?»

ሁለቱም ጥሩ ጽፈዋል አልኩ፤ እንዲህ የሚያድን መልስ የለም። ልጆቹ ሳቁ፤ ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡ። «አንድ ፎቶ አብረን እንነሳ ጋሼ፣ ታግ ላድርግዎ፣ ስምዎ ማን ነው?»

ስሜን ነገርኩት። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍም ፊደል በፊደል። እጁን ዘርግቶ ስልኩን ከፍ ሲያደርግ ግን «አንዴ ቆይ» አልኩና፣ የወተት ማኪያቶዬን አንስቼ ከስኳር ዕቃው ጀርባ ሸሸግኩት።