አዳራሹ ውስጥ ተናገሩት

የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ለእኔም ነው።

ስብሰባ እንጠራለን፣ እንሄዳለን። ጋቢያችንን ተከናንበን ከኋላ እንደረደራለን፤ የፊቱ ወንበር ባዶውን ይቀራል። ሰብሳቢው ሁለት ሰዓት ይናገራል። «ጥያቄ፣ አስተያየት» ሲባል መሬት መሬት እናያለን። ከዚያ የአቋም መግለጫ ይነበባል። ከስብሰባው በፊት ተጽፎ እንደመጣ እያወቅን እናጨበጭባለን። ከበሩ ወጥተን አስፋልቱን ሳንሻገር ግን ምላሳችን ይፈታል። የውሃው መጥፋት፣ የማዳበሪያው ዋጋ፣ ትምህርት ያቆሙት ልጆች፣ ጠላ ቤት ቁጭ ብለን የማናነሳው የለም። ይሄን ሁሉ እዚያ ውስጥ ለምን ዋጣችሁት?

ፍርሃቱ ይገባኛል። ጊዜው ክፉ ነው፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለበት ሰው ቢጠነቀቅ አልፈርድበትም። ግን የተበላሸ ቦኖ መቼ ይጠገናል ብሎ መጠየቅም አቅቶናል እኮ! ይሄ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም፣ ዝምታውን ለምደነዋል።

የግቢ ተማሪዎች ደግሞ የእናንተ ጥፋት ሌላ ነው። እናንተ ሌላውን አታስጨርሱም። ተማሪ ሳለሁ ስለ ዶርም ውሃ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ልጅ ተነስቶ ብዙዎቻችን ከምናስበው የተለየ ነገር መናገር ጀመረ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨርስ ከኋላ ፉጨት ተነሳ፣ ጠረጴዛ ተደበደበ። እኔም ደብድቤያለሁ። ልጁ ተቀመጠ፤ እስክንመረቅ ድረስ ስብሰባ ላይ ሲናገር አላየሁትም። ሊል የነበረውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ነገሩ አሁንም ያሳፍረኛል።

እስቲ ወደ ኋላ ተመልከቱ። በ1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። የአገሪቱ ጭሰኛ ከጭሰኝነት የወጣው በዚያው አዋጅ ነው። ከተማሪ ውይይት የተነሳ ጥያቄ እዚህ ድረስ ደርሷል። ግን የዚያው ትውልድ ልጆች ሁለት ዓመት ሳይቆዩ በሐሳብ ተለያይተው መደማመጥ አቃታቸው፣ ኢሕአፓና መኢሶን በሚባሉ ሁለት ፓርቲዎች ተከፍለው ተገዳደሉ። የስንቱ እናት ጓዳ ተዘግታ አለቀሰች። ጠረጴዛ የምትደበድቡ ልጆች፣ ይሄን አስቡት።

መነጋገር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ አንዱ ቆሞ ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቅ ነበር፣ ዳኛውም ሁለቱን ይሰማል። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የሣር መሬት ለዘመናት ያቆየው ተሰብስቦ በወሰነው ሥርዓት ነው፤ የቄሮ ሥርዓት ይባል ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ ነበር፣ ከዚያ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨድ ነበር። ከብት ያለውም የሌለውም በውሳኔው ይታሰር ነበር። ሁሉም ኋላ ተቀምጦ ዝም ቢል ኖሮ ያ ሣር ዛሬ አይኖርም ነበር።

ሕጉም ቢሆን አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ደግሞ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ወረቀት ላይ ያለውና መሬት ላይ የምናየው እንደሚራራቅ አውቃለሁ። ቢሆንም መብቱን የማያውቅ ሰው ሲነፈገውም አያውቅም።

እባካችሁ፣ ጥያቄያችሁን ከቤት ጽፋችሁ ኑ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ደቂቃ። «ከሁሉ በፊት መድረኩን አመሰግናለሁ» እያላችሁ አሥር ደቂቃ አትጨርሱ። እናቶችንና እህቶችን ከበሩ ሥር አታስቀምጧቸው። ስለ ውሃ ከሆነ ጀሪካን ተሸክመው የሚሰለፉት እነሱ ናቸው፤ ቀድመው ይናገሩ። የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን አስነብባችሁ ስሙ። ስትወጡ ደግሞ የመገኘት ፊርማ ነው ተብሎ የሚዞረውን ወረቀት፣ ብርድ ነው ብላችሁ ሳትቸኩሉ፣ ራስጌው ላይ ምን እንደተጻፈ አንብባችሁ ፈርሙ።