«ማጣሪያ ግዛ» ለምትሉኝ ሁሉ

ሦስት ሌሊት እንቅልፌን አጥቼ፣ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የፈጁ የአንድ ጋላክሲ 140 ፎቶዎችን (ፍሬሞችን) በቴሌስኮፕ ሰብስቤ፣ ሁሉንም በኮምፒውተር ደራርቤ ስጨርስ ያገኘሁት የጋላክሲውን እምብርትና በመሃሉ የተጋደመውን የከዋክብት ዘንግ ብቻ ነው። ከዘንጉ ጫፎች ተነሥተው የሚጠመዘዙት ሁለቱ ክንዶች የሉም። ምስሉን አቅርቤ ስመለከተው በአንዱ በኩል እንደ ጉም የሳሳ ግራጫ ጥላ ይታያል፤ ቀሪው ሁሉ እንደ አሸዋ የተበተነ ኖይዝ (ምስሉን የሚያበላሽ የዘፈቀደ ነጠብጣብ) ነው። አንጀቴ አሯል።

ጋላክሲው በኤሪዳነስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለው ኤንጂሲ 1300 ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1835 ያገኘው ያለ ካሜራ፣ በዓይኑ እያየ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጨለማ ነበር። እኔ ጋ ግን ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ የመጣውን ብርሃን ቴሌስኮፔ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የጎረቤት የጓሮ መብራት ዋጠብኝ።

ይህን በተናገርሁ ቁጥር የሚሰጠኝ ምክር አንድ ነው፤ «ማጣሪያ ግዛ»፤ አንዱን ቀለም አሳልፎ ሌላውን የሚከለክል መስታወት ማለታቸው ነው። ምክሩ ለኔቡላ (በጠፈር ላለ የጋዝ ደመና) ይሠራል፤ ምክንያቱም የጋለ ሃይድሮጅን የሚያበራው በተወሰነ ቀለም፣ ለምሳሌ በ656 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ስለሆነ፣ ያንን ብቻ አሳልፎ ሌላውን መከልከል ይቻላል። ጋላክሲ ግን የቢሊዮን ከዋክብት ብርሃን ድምር ነው፤ ከሰማያዊ እስከ ቀይ በሁሉም ቀለም ያበራል። የድሮው ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት ብርሃኑ በአብዛኛው በ589 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚሰበሰብ ያንን መቁረጥ ይቻል ነበር። ነጩ ኤልኢዲ ግን ሰማያዊውን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም ይሸፍናል፤ የክንዶቹ ወጣት ከዋክብት የሚያበሩትም በዚያው በሰማያዊው ነው። እሱን የሚከለክል ማጣሪያ ክንዶቹንም ይከለክላል። በክንዶቹ ላይ ያሉትን ቀያይ የሃይድሮጅን ነጠብጣቦች በጠባብ ማጣሪያ ለይቶ ማንሣት ይቻላል፣ እውነት ነው፤ ክንዶቹ ግን በዚያ አይመጡም።

«በኮምፒውተር ቀንሰው» የምትሉኝም አላችሁ። የሰማዩን ጸዳል መቀነስ ይቻላል፤ ጸዳሉ ይዞት የመጣውን ኖይዝ ግን መቀነስ አይቻልም። ሰማዩ በአንድ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ) ብቻ ቢደምቅ፣ ያንኑ ጥራት ለማግኘት ወደ 2.5 እጥፍ የሚጠጋ ሰዓት ያስፈልጋል። የእኔ 7 ሰዓት ወደ 17 ሰዓት ተኩል ይሄዳል ማለት ነው። ደመና የሌለበት፣ ጨረቃም ያልወጣችበት ይህን ያህል ሰዓት ከየት ይምጣ?

ጎረቤቴን መብራቱን አጥፋ አላልኩትም። ብርሃኑን ወደ መሬት የሚመልስ ክዳን በራሴ ወጪ ልግጠምልህ ነው ያልኩት፤ በሩም ከአሁኑ ይልቅ ይደምቅለት ነበር። «ሰማዩ ምን ጎደለበት?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ይህን የምጽፈው አምፖሉ ቀጥታ ወደ ላይ እያበራ ሳለ ነው፤ ኤሪዳነስም ወደ ምዕራብ አዘንብሏል።