ሰባት ፈረስና አንድ ጀበና

ወሎ ውስጥ ሰው ብቻውን ቡሎን አይፈታም። ቢፈታም ቡሎኗ መሬት ሳትደርስ አንድ ጎረቤት ይቀልባታል፤ ቀልቦም "ይቺ ደግሞ የምኑ ናት?" እያለ በርጩማ ይስባል። በርጩማ ለሳበ ሰው ቡና ይፈላል። ቡና ከተፈላ በኋላ ሥራው የማን እንደነበር ማስታወስ ነውር ነው።

ደሴ፣ ሆጤ ያሉት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የቴክኒክ መምህር፣ ጓሯቸው ባለችው ቆርቆሮ ቤት አሮጌ ትራክተር መጠገን ሲጀምሩ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ብቻቸውን የሚጨርሱት መስሏቸው እንጂ። ትራክተር ስል ደግሞ ቆቦ ሜዳ ላይ የምናውቀው ዓይነት ግዙፍ እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው የጓሮ ነው፤ ከሆዱ ሥር ሳር ማጨጃ የሚታሰርለት፣ ከሹፌሩ ሌላ ሰው የማይጭን። ከብ ካዴት ይባላል። ኢንተርናሽናል ሐርቬስተር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ግድም ለገበያ ያቀረበው፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ ባለ 7 ፈረስ ጉልበት የኮለር ሞተር ያለው ነው። ካምቢዮው ግን ፋርማል ከብ ከተባለው እውነተኛ የእርሻ ትራክተር የተወረሰ ስለሆነ ከመጠኑ በላይ ጠንካራ ነው።

እንዴት ደሴ እንደደረሰ የሚስማማ ሰው የለም። አንዱ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ እርዳታ ይዘው የመጡ ፈረንጆች የግቢያቸውን ሳር ሊያጭዱበት ያመጡት ነው ይላል። (በዚያ ዓመት ወሎ ውስጥ የምን ሳር አግኝተው እንደሆነ አይናገርም።) ሌላው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው ይላል። በኛ አገር ያረጀ ብረት ሁሉ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ የተሠራም ቢሆን። መምህር የሚያውቁት ከቁራሌው ላይ በኪሎ መግዛታቸውን ብቻ ነው።

የሰፈሩ የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንት ጥማድ ያርሳል?" የሚል ነበር።

"ዋናው ሥራው ሳር ማጨድ ነው" አሉ መምህር።

ጀማው እርስ በርሱ ተያየ። "የሚያጭድማ እኛም አለን" አሉ ሸህዬ፣ "የጠፋው ሳሩ ነው።"

እውነታቸውን ነው። የመምህር ጓሮ ጥቂት ጌሾ፣ አንድ መደብ ጎመንና አንዲት የታሰረች በግ ነው ያለው፤ ያለችውንም ሳር በጓ ትጨርሳታለች። ሆኖም "ታዲያ ለምን?" ያለ አልነበረም። ይህ ጥያቄ በሰፈራችን ለሚስት የተተወ ነው። እትዬም ጠይቀው ጠይቀው ትተውታል።

ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቶ ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ካንዴላውን ፈትቶ፣ በቀዳዳው ናፍጣና ዘይት አፍስሶ፣ ዝገቱ እስኪለቅ መጠበቅ ነው። መጠበቅ የሚባለው ነገር ደግሞ ለኛ ሲፈጥረን የተሰጠን ነው። መምህር ናፍጣውን አፈሰሱ፤ እትዬ ረከቦቱን አቀረቡ። አቦሉ ላይ የናፍጣው ሐሳብ ተመሰገነ። ቶናው ላይ ተተቸ። በረካው ላይ "ናፍጣ ያደርቃል፣ የተነጠረ ቅቤ ነው የሚያዋጣው" የሚል ወገን ተነስቶ፣ እትዬ "ለዶሮ ወጡ ያላገኘሁትን?" ባይሉ ኖሮ በድምፅ ብልጫ ሊያልፍ ነበር። ከዚያ ሸህዬ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን የሚለውም አሜን የሚለውም እኩል ተቀበለ። አንድ ጠዋት ፒስተኑ እሺ አለ። ናፍጣውን ያፈሰሱት መምህር ናቸው፤ ምስጋናው ግን ለዱዓውና ለቅቤ ሐሳብ አመንጪው ተከፈለ። ቅቤውን ሰምቶ ነው የለቀቀ ተባለ።

ቀጥሎ የቁልፍ ነገር መጣ። የአሜሪካ ቡሎን በኢንች ነው፤ ደሴ ያለው ቁልፍ በሚሊሜትር። ግማሽ ኢንቹ 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ 13 ቁጥር ቁልፍ ይገባበታል፤ ግን ይጫወታል፣ ጠበቅ ሲደረግም የቡሎኑን ጠርዝ ልጦ ያከበዋል። መምህር ይህን ቢያስረዱ "0.3 ሚሊሜትር ምን አላት ብለው ነው?" ተባሉ። ሦስት ሰዓት እንገናኝ ብሎ ሰባት ሰዓት የሚመጣ ሰፈር ለ0.3 ሚሊሜትር አይጣላም። ቡሎኑ ግን ተጣላ፤ አንገቱ ላይ ቆረጠ። "አብሽር መምህር!" አለ ጀማው ባንድ ድምፅ።

በጣም ያሳዘኑኝ ግን የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳውን ኮንታክት ፖይንት ሲያስተካክሉ ነው። ሲከፈት በመሃሉ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ እሳቱ ይደክማል። መምህር መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ስሷን መለኪያ ብረት አስገብተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ካቻቢቴውን ሊያዞሩ ሲሉ አንድ ሰው ብቅ ይላል። "እንዴት ዋላችሁ?" ብድግ ነው። እጅ ለእጅ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ እዚያ ማዶ ያሉት እነ እንትናስ ደህና። ተቀምጠው ክፍተቱን እንደገና ሲለኩ ሌላው ብቅ። ሳይነሱ "ደህና ዋልክ" ቢሉ ማግስቱን "መምህር ብረት ገዝተው ኮሩ" እንደሚባል ስለሚያውቁ እያንዳንዱን ተነስተው ሳሙ።

የተፈታውን ሁሉ በየወገኑ በሲኒ ለይተው አስቀምጠው ነበር፤ የካርቦሬተሩ ለብቻ፣ የሲሊንደሩ ለብቻ። እንግዳ ሲበዛ እትዬ "ሰው ቆሞ ዳዶ በሲኒ ይቀመጣል እንዴ?" ብለው ሁሉንም ባንድ የቲማቲም ጣሳ ገለበጡት፤ ሲኒዎቹን ለቅልቀው ቀዱባቸው። ያን ቀን ቡናው ናፍጣ ናፍጣ ቢልም ማንም ደፍሮ አልተናገረም።

የፈረሱን ጉዳይ ያነሳው የቀድሞው የሎንቺና ሾፌር ነው። "ፋብሪካው በር ላይ ሰባት ነበሩ። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ይሳሳል። ሁለቱ ፈረስ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ቀርተዋል በሉ።" ልክ ነው፤ በዚህ ከፍታ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የካርቦሬተሩም ቤንዚን ካልተቀነሰ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጀማውን ያሳሰበው ግን የቀሩት ፈረሶች ዕጣ ነበር። ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ይጠየቅ እስከ መባል ተደርሷል።

እትዬን የማረካቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዚህ ማሽን ሞተሪኖና ዲናሞ አንድ ዕቃ ነው፤ ሲያስነሳ ከባትሪው ይበላል፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በቺንጋ እየዞረ ለባትሪው ይመልሳል። ይህን ሲሰሙ ከጀበናው ቀና ብለው የተቀመጠውን ሕዝብ አንድ በአንድ አዩት። "የሚመልስ መሆኑንስ ወደድኩለት" አሉ።

ቢጫና ነጭ ቀለሙን ተቀብቶ ሲገጣጠም ጣሳው ውስጥ ጥቂት ቡሎን ተረፈ። "ሁለት ፈረስ ከቀነሰ ቡሎኑም መቀነስ አለበት" አለ ሾፌሩ፤ ተቀባይነት አገኘ። መምህር ቁልፉን አዞሩ። አጉረመረመ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተነሳ። እልልታው ቀለጠ። በጓ ገመዷን በጥሳ ጎመኑ ላይ ወጣች። ልጆቹ በስልክ ቀረጹ፤ "እኛ ነን ያስነሳነው" የሚለው ድምፅ ከሞተሩ በላይ ይሰማል።

ከዚያ ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ወሬ አላደማመጥ አለ። ቀስ በቀስ ፊቶች ጠቆር ማለት ጀመሩ። አንዱ ሰዓቱን አየ፤ አንዱ "እንግዲህ ልሂድ መሰለኝ" አለ፣ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ጆሯቸው ከከበደ የቆየው ሸህዬ እጃቸውን አነሱ። "ዝም በሉ! አንድ ድምፅ አለ።"

"አለ!" አልን ሁላችንም።

"ኩሽኔታው ነው" አለ ሾፌሩ። "የለም፣ ቫልቩ ነው" አለ ሌላው። የቅቤው ሰውዬ "ያኔ ብያችሁ ነበር" አለ። መምህር ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ደቅነው ብዙ አዳመጡ፤ ቀና ብለው የሁላችንንም ፊት አዩ። ከዚያ ሳቅ እያሉ ሞተሩን አጠፉት።

"አብሽር ልጄ፣ እንፈታዋለን" አሉ ሸህዬ።

አቦሉ ሳይወርድ ኮፈኑ ተነስቶ ነበር።