የመጀመሪያው ገጽ በእጅ፣ በአማርኛ ይጻፍ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ወጣቶችን ሰብስቤ የድረ ገጽ አሠራር ማስተማር ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። አብዛኞቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው ውጤት የሚጠብቁ ወይም የማለፊያ ውጤት ያልመጣላቸው ልጆች ናቸው። ሲመጡ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ «ከየትኛው ኮርስ ልጀምር?» መልሴም አንድ ነው። ከየትኛውም አትጀምሩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቀላል የጽሑፍ መጻፊያ፣ ኖትፓድን፣ ክፈቱና አንድ ገጽ በእጃችሁ ጻፉ፤ በአማርኛ ጻፉ።

ይህን የምለው ኮርስ ጠልቼ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) መርሐ ግብር ለብዙ ልጆቻችን በነጻ በር ከፍቷል፤ እኔም ተመዝገቡ ብዬ መክሬያለሁ። ያየሁትን ግን መደበቅ አልችልም። ልጁ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን ቪዲዮ ይመለከታል፣ ጥያቄውን ይመልሳል፣ የምስክር ወረቀቱን በስልኩ ይዞ ይመጣል። ባዶ ፋይል ከፊቱ ሳስቀምጥለት እጁ አይንቀሳቀስም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሲሠራ ያየው ሁሉ የሌላ ሰው ገጽ ነበር፤ እርሱ ለማን ምን ሊነግር እንደሚፈልግ የጠየቀው የለም።

ቁም ጸሐፊ ሲሠራ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ብራናው ተፍቆ ከተዘጋጀ በኋላ ቀለም ወዲያው አይነካውም። በወስፌ ነጥብ ነጥብ ይደረግና ይሰመራል፤ ዐምዱ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል፣ ኅዳጉ ስንት ይሁን የሚለው አስቀድሞ ይወሰናል። ከዚያ ጽሑፉ በጥቁር ይወርዳል፤ ለቅዱሳን ስምና ለመነሻው ቀይ ይገባል፤ ጌጡ ሐረግ የራሱ ቦታ አለው። ድረ ገጽም በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። ኤችቲኤምኤል የሚባለው የገጽ መጻፊያ ቋንቋ ርእሱ ይህ ነው፣ አንቀጹ ይህ ነው፣ ይህ ወደ ሌላ ገጽ መሻገሪያ ነው ብሎ ገጹን ለሚያሳየው ፕሮግራም፣ ለብራውዘሩ፣ ይናገራል። ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና ኅዳጉን የሚወስነው ሲኤስኤስ ነው። ሲነካ የሚከፈት፣ ሲሞላ የሚያሰላ ነገር ከተፈለገ ጃቫስክሪፕት ይገባል። የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዓለም የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ርእስ፣ ጽሑፍና መሻገሪያ ብቻ ነበር፤ ጃቫስክሪፕት በ1995፣ ሲኤስኤስ ደግሞ በ1996 የመጡ ናቸው። የእኛ ጀማሪዎች ግን ሐረጉን ይዘው ብራናውን ፍለጋ ይወጣሉ።

ባለፈው ዓመት ከመንዝ ሞላሌ የመጣች ልጅ ነበረችኝ። «ስለምን ልጻፍ?» ስትለኝ ቤታችሁ ምን ይሠራል አልኋት። እናቷ ሱፍ ይፈትላሉ፣ አባቷ ባና፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይሸምናሉ። እንግዲያውስ ስለ ባናው ጻፊ አልኋት። በመጀመሪያው ቀን ገጹ ጭራሽ አልከፈት አለ፤ ኖትፓድ የፋይሉን ስም መጨረሻ በድረ ገጽ ቅጥያ (.html) ፋንታ በጽሑፍ ፋይል ቅጥያ (.txt) አስቀምጦት ኖሯል። ይህ ከጀማሪ አሥሩ ዘጠኙን የሚያጋጥመው ነው። ስሙን ስታስተካክል ተከፈተ፤ ነገር ግን ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ ያበላሸች መስሏት ደነገጠች።

ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። ጽሑፉን የቀዳችው ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ ከተተየበ የቆየ ሰነድ ነው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ በዚያ ዘመን የነበሩት የአማርኛ ፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የግዕዝን መልክ ያለበሱ ነበሩ፤ ልብሱ ሲወልቅ የሚቀረው ላቲን ነው። ግዕዝ የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። «ሀ» ዛሬ በየትኛውም አገር ኮምፒውተር 4608 ቁጥር ናት፤ ከእንግሊዝኛው ፊደል ጋር አትጋጭም። ልጅቷ ሁሉንም እንደገና ተየበችው፤ ገጹ አናት ላይም ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8፣ የዩኒኮድን ቁጥሮች በፋይል ውስጥ በሚያስቀምጠው ዘዴ፣ መጻፉን የምታስታውቅ አንዲት መስመር፣ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን የምትናገር ሌላ ቃል ጨመረች። ፊደሉ ጥርት ብሎ ሲወጣ የፊቷን ብርሃን አልረሳውም። እኔ ይህን ትምህርት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላስተምራት ብሞክር ኖሮ ችግሩ ራሱ ባልተፈጠረ፣ እርሷም ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሆነ ባላወቀች ነበር።

ሌላም ነገር በዚያው ገጽ ላይ ተማረች። በስልኳ ያነሳችው የባናው ፎቶ 4 ሜጋባይት ነበር። ጽሑፏ አንድ ሺህ ያህል ፊደል ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ሁሉም ተደምሮ 3 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን ነው። አንዷ ፎቶ ከጽሑፉ ሁሉ ከሺህ ጊዜ በላይ ትከብዳለች ማለት ነው። ለጥቂት ሜጋባይት ካርድ ሞልቶ ገጹን ለሚከፍት ሰው ይህ ገንዘቡ ነው። ስፋቱን አሳንሰን ወደ መቶ ኪሎባይት አወረድነው።

መልኩን ሲያበጁ ደግሞ ልጆቹ ፊደሉን ማጋደል ይወዳሉ፤ እኔ እከለክላለሁ። ማጋደል የላቲን ጽሕፈት ልማድ ነው፤ እኛ አጽንዖት የምንሰጠው በቀይ ነበር፤ ሲኤስኤስ ደግሞ ቀይን በአንድ መስመር ይሰጣል። በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ቦታ ይተው፤ የግዕዝ ፊደል ሙሉ ቁመቱን ይዞ ስለሚቆም ሲጠጋጋ ዓይን ያደክማል።

ያለ ኢንተርኔት መጀመር ይቻላል የምለውም ከደረሰብን ተነሥቼ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የመስመር ላይ ኮርስ የያዙት ያን ጊዜ ቆሙ። በኖትፓድ የሚጽፉት አልቆሙም፤ ብራውዘር በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለን ፋይል ለመክፈት ከማንም መስመር አይጠብቅም። ርእሱንና አንቀጹን የሚያመለክቱት የኤችቲኤምኤል ቃላት፣ ታጎቹ፣ ከመቶ በላይ ቢሆኑም ለጀማሪ ደርዘን ያህሉ ይበቃሉ፤ እነርሱም በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ፊደል ገበታን የቆጠረ ልጅ ይህን በሳምንት ይይዘዋል። ስለዚህ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ኢንተርኔት የለም» ተብሎ የሚቆለፍ የኮምፒውተር ክፍል ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። መምህራኑ ትምህርቱን በአማርኛ አዘጋጅተው በፍላሽ ከመሐል ሜዳ ወደ ዓለም ከተማ፣ ከዓለም ከተማ ወደ ሸዋ ሮቢት ቢቀባበሉት ምን ያግደናል?

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ይሠራው የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይሠራዋል። አንድ ተማሪዬ ለአንድ ምግብ ቤት እንዲህ አሠርቶ አስረከበ፤ ገጹም ያምር ነበር። ከወር በኋላ ባለቤቱ የሽሮ ዋጋ ቀይርልኝ ሲሉት ዋጋው የት እንደተጻፈ ማግኘት አቃተው። አብረን ተቀምጠን ስናነበው ዋጋው በሦስት ቦታ ተጽፎ አገኘነው። መሣሪያው ያወጣውን ማንበብ የሚችለው በእጁ ጽፎ የሚያውቅ ነው።

የሞላሌዋ ልጅ ለፋሲካ አገሯ ስትሄድ ገጿን በፍላሽ ይዛ ሄደች። በአጎቷ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ከፍታ ለአባቷ አሳየቻቸው። አባቷ እስከ መጨረሻው አንብበው «ይህን ማን ነገረሽ? ባና በሜትር አይለካም» አሏት። እዚያው በክንድ ስንት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ፋይሉን በኖትፓድ ከፈተች፣ ቁጥሩን ለወጠች፣ አስቀመጠች፣ ገጹን እንደገና ጫነችው። አባቷም መነጽራቸውን አስተካክለው ከርእሱ ጀምረው ዳግመኛ አነበቡት።