ለትንኝ የተሰጠ ቁልፍ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄን ቁም ነገር እያማከርሁት፣ ያውም ነገሩ ሊገባው ጥቂት ሲቀረው፣ ስልኩ ጢን አለ። እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ፤ ግንባሩን ቋጥሮ ስክሪኑን በሁለት ጣቱ ለጠጠ፤ ከዚያም በረጅሙ ተንፍሶ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። የቤቱ ጥበቃ ካሜራ የላከው ምስል ነው፤ ግራጫ በር፣ ግራጫ ግድግዳ፣ በመካከሉም እየተጠማዘዘ የሚያልፍ ነጭ ጭረት ይታያል። የእሳት ራት ናት። «ምናልባት ሰው ቢሆንስ ብዬ ነው» አለኝ። እኔም እኮ ሰው ነበርሁ፤ ያውም ፊት ለፊቱ የተቀመጥሁ።

ጨዋታ መሐል ስልክ የሚያነሣን ሰው መገሠጽ ይቻል ነበር። የቤት ካሜራ መልእክት ግን ከወቀሳ ነጻ ነው፤ «ሌባ ቢሆንስ?» ለሚል ሰው ምን መልስ ይሰጠዋል? በዚህች ጥያቄ ከለላ ስንቱ ጨዋታ ተቋረጠ፣ ስንቱ ስብሰባ ተጓተተ፣ ስንቱ የባልና ሚስት ንግግር ሳይቋጭ ቀረ። እኔ ባለሁበት እስካሁን ሌባ ሲያዝ አላየሁም፤ የሚያዙት ቅርንጫፍ፣ ደመና፣ የጎረቤት ድመትና የመኪና መብራት ናቸው።

ካሜራውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቀላሉ ዓይነት «እንቅስቃሴ አለ» የሚለው አንዱን ቅጽበታዊ ምስል ከቀጣዩ ጋር አስተያይቶ በቂ ፒክስሎች፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ተለውጠው ሲያገኝ ነው፤ ፒክስሉን የለወጠው ሰው ይሁን ፀሐይን የጋረደ ደመና ለእርሱ ልዩነት የለውም። ሲመሽ ነገሩ ይብሳል። በሌንሱ ዙሪያ የተደረደሩት የኢንፍራሬድ (የሰው ዓይን እምብዛም የማያየው ብርሃን) መብራቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ 850 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያላቸው፣ ለእኛ ዓይን ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ቢመስሉም ለካሜራው ግን ግቢውን የሚያበሩ ናቸው፤ ከሌንሱ ጥቂት ጣት ርቃ የምታልፍ ትንኝም ያን ብርሃን መልሳ ስለምታንጸባርቅ በምስሉ ላይ በሩ ጋ ከቆመ ሰው ትገዝፋለች። ሸረሪት በካሜራው ቆብ ሥር ድሯን ካደራች ደግሞ ነፋስ በነካው ቁጥር ድሩ እያበራ ባለቤቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቅሰው ያድራል። ለዚህ መድኃኒቱ ጨርቅ ይዞ መጥረግ ነው፤ ወዳጄ ግን ጨርቅ ከማንሣት ስልክ ማንሣት ይቀለዋል።

ሌላው ዓይነት የሚጠብቀው ሙቀትን ነው። ፒአይአር የሚባለው መሣሪያ በፊቱ የሚያልፍን የሙቀት ለውጥ ስለሚከታተል ቅርንጫፍ ብዙም አያስደነግጠውም፤ ሞተሩ የጋለ መኪና ግን ያስደነግጠዋል። ድክመቱም የሚያስቅ ነው፤ ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጠውን ፈጥኖ ሲያይ ቀጥ ብሎ ወደ እርሱ የሚመጣውን ዘግይቶ ያያል፤ የአካባቢው ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋም ሰውን ከግድግዳ መለየት ያስቸግረዋል። በባትሪ የሚሠሩት ካሜራዎች ደግሞ ኃይል ለመቆጠብ ተኝተው የሚነቁት ይህ መሣሪያ ሲቀሰቅሳቸው ስለሆነ፣ ቀረጻው አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው ከእንግዳው ጀርባ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የተረቱ ውሻ ቢዘገይም የጮኸው ለጅብ ነው። የዛሬው ለቅጠሉም ለትንኙም ሲጮኽ ያድርና ጅቡ ሲመጣ ባለቤቱ «ዝም በል!» ብሎት ይተኛል።

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከሕክምና መሣሪያዎች የማንቂያ ድምፅ ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የባለሙያ እርምጃ እንደማያስፈልገው የሚገመት መሆኑን ጠቅሶ፣ ጆሮ የለመደው ጩኸት እውነተኛውን እንደሚያስመልጥ አሳስቧል። ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ነርስ ጆሮው ከደነዘዘ፣ የእኛማ ምን ይሆን?

ነርስ ካነሣሁ አይቀር፣ የኒውዮርኳ ነርስ ወይዘሮ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ከባለቤታቸው ከአልበርት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 አመልክተው በ1969 የፈጠራ መብት ያገኙበት የቤት ጥበቃ ሥርዓት ትዝ ይለኛል። በራቸው ላይ በተለያየ ከፍታ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ በእነርሱ በኩል የመጣውን ሰው ምስል ወደ ቴሌቪዥን ይልካል፤ ከውጭ ሰው ጋር መነጋገሪያ፣ በሩን ከርቀት መክፈቻና እርዳታ መጥሪያ ቁልፍም ነበረው። ልብ በሉ፤ ያን ቁልፍ የሚጫነው አይቶ የፈረደ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ድካም ያሻሻልነው ነገር ቢኖር ቁልፉን ከሰው ቀምተን ለትንኝ መስጠታችን ነው።

የቆየ ቂሜ ግን ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንዱ ካሜራውን ሰቅሎ፣ ሴንሲቲቪቲውን (ለእንቅስቃሴ የሚነቃበትን መጠን) እስከ ጥግ ከፍቶ፣ «ምንም አያመልጠውም!» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ የሚሄደው ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ሰውን ከእንስሳና ከመኪና የሚለየውን አገልግሎት በወርኃዊ ክፍያ ብቻ የሚሰጠው አምራች ነው። ይህን በራሱ በካሜራው ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሠሩ መኖራቸውን አልክድም፤ ሌሎቹ ግን ጫጫታውን በነጻ ሰጥተው ጸጥታውን በየወሩ ያከራያሉ። ይህ ንግድ አይባልም፤ ነውር ነው።

ወዳጄን ይህን ሁሉ ስነግረው «ሴንሲቲቪቲውን ዝቅ ካደረግሁት በኋላ የሆነ ነገር ቢፈጠርስ?» አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ መባሉን እኔም አውቃለሁ፤ ሁሉን የጠረጠረ ግን ማንን እንደጠረጠረ ራሱም አያውቅም። ሴንሲቲቪቲውን ዝቅ ማድረግ ለሌባ በር መክፈት የሚመስለው ይህ ሰው፣ ተደራርቦ የሚመጣውን መልእክት ሳያነብ በአውራ ጣቱ ሲጠርገው በሩን የከፈተ አይመስለውም።

ሥራው እኮ ቀላል ነው። መተግበሪያው ላይ መንገዱንና ዛፉን ከሚጠበቀው ክልል ማስወጣት፣ ሰማይ እንዳይበዛበት ካሜራውን ጎንበስ ማድረግ፣ የተጠጋውን ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ትንኙ ከበዛም የካሜራውን ኢንፍራሬድ አጥፍቶ ለብቻው የሚቆም የኢንፍራሬድ መብራት ከሌንሱ አርቆ መትከል ነው። ከዚያ በጨለማ በገዛ ግቢ ተሹለክልኮ መፈተን ይገባል፤ ካሜራው ካላየ ሴንሲቲቪቲውን ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። ጎረቤትም ካሜራ ካለው አስቀድሞ መንገር አይከፋም።

ስለ ጨዋታ መቋረጥ ልጽፍ ተነሥቼ ሸረሪት ድር ውስጥ ገባሁ። ስለዚያ የምለው አጭር ነው፤ ቀረጻና መልእክት ለየብቻ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ካሜራዎች የስልኩ መልእክት ቢዘጋም ቀረጻው ስለሚቀጥል፣ ሰው እያናገሩ ድምፁን መዝጋት ምንም አያጎድልም። ወዳጄ ይህን ሰምቶ ካሜራውን አስተካከለ ብል ደስ ባለኝ። እርሱ ግን የመጀመሪያውን ካሜራ ሌሊት ሌሊት የሚነካካው ምን እንደሆነ ለማየት ሁለተኛ ካሜራ ሊገዛ ነው።