ዕድር እንኳ ድንኳኑን ያሳያል

ከሠራተኛ ደመወዝ እየተቆረጠ ለአደጋ ጊዜ ፈንድ ይጠራቀም የሚለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ከቀረበ ወዲህ አንድ መከራከሪያ ጆሮዬን አድክሞታል። «መረዳዳት ባህላችን ነው» ይሉናል። ነው እንጂ! ማን ካደ? ግን ባህል ከመቼ ወዲህ ነው በፔሮል የሚቆረጠው?

ድርቅ በገባ ቁጥር ዘመዱ ከቦረና ሲደውልለት በቴሌብር የሚልከው እኮ ያው ደመወዝተኛ ነው። ሳይጠየቅ የሚሰጥን ሰው «ባህልህ ነውና አምጣ» ማለት መረዳዳት አይደለም። ግብር ነው። እንግዲያው ግብር በሉትና እንደ ግብር እንከራከርበት።

ባህል ከተነሳ አይቀር ስለ ዕድር እናውራ። እናቴ ዕድር ስትከፍል ኖራለች፤ አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም። ድንኳኑ የት እንደተቀመጠ ታውቃለች። ድስቱ ማን ቤት እንዳለ ታውቃለች። ዳኛውን እጇን አውጥታ መርጣዋለች። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ቢያጎድል እሁድ ስብሰባ ላይ ያፋጥጡታል፤ ጎረቤት ነው፣ የት ይሄዳል?

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። በቃ። ድንኳን ከመተከሉ በፊት «የሞቱ መንስኤ እየተጣራ ነው» የሚል የለም።

በመንግሥት ፈንድ ላይ ጡሩምባውን የሚነፋው ማነው? ቀልድ አይደለም፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። በ2016 እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ ሞቱ ብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው በረሃብ የሚሞት ሰው የለም አሉ። ያኔ ፈንዱ ሞልቶ ቢሆንስ? በረሃብ የሞተ ከሌለ ለማን ይወጣል?

አዲስ በሽታም አይደለም። በ1976 የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ እልቂት እየመጣ ነው ብሎ ጮኾ ነበር። መስከረም 1977 ወሎ እየረገፈ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት አከበረች። የጎደለው ብር ብቻ ነበር እንዴ? ጡሩምባው ሲነፋ ባለቤቶቹ ድግስ ላይ ነበሩ።

ገንዘብ ያዡንም እናንሳ። በ2015 የዕርዳታ እህል እየተሰረቀ ነው ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለወራት እጃቸውን ሰበሰቡ። ያልሰረቀው ተራበ። ስንዴ ኤክስፖርት ማድረግ ጀመርን የተባለውም በዚያው ዓመት ነው፤ ይህንን እንለፈው።

«ልመና ይብቃን» የሚሉት ላይ ጠብ የለኝም። የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ በ2017 መጨረሻ ተዘግቷል፤ የራሳችን ማሰሮ ያስፈልገናል። ግን የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ረሃብ በዚህች አገር ድንገተኛ እንግዳ አይደለም፤ በየጊዜው ለሚራበው ገበሬ የተዘጋጀው የዕርዳታ ፕሮግራም፣ ሴፍቲኔት ራሱ፣ ከ1997 ጀምሮ አለ። በየዓመቱ የሚመጣ ወጪ በጀት ውስጥ ይገባል። ለከተማው ኮሪደር ልማት ዘንባባ የሚበቃ ካዝና ለተራበ ሰው ሲሆን እንዴት ነው ወደ ጸሐፊዋና ወደ አስተማሪው ኪስ የሚያየው?

ለማንኛውም የሚቆረጠው ከተቆረጠ፣ የደመወዝ ወረቀታችን ላይ ምን ብለው እንደሚጽፉት ለማየት ጓጉቻለሁ። «በፈቃደኝነት» እንዳይሉን ብቻ።